ፈተናዋን ትጨርስ

«እንኳንም ፈተናሽን ጨረስሽ! ጌታ እንዴት አድርጎ ጊዜውን እንዳመቻቸው አየሽ?»

እትዬ አረጋሽ ዕንቁን አንገቷን አቅፈው ይህን ሲሏት ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ሰው ሁሉ የሚለው ያው ነው። መጀመሪያ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል፣ ያለቅሳል፣ ዓይኑን ይጠርጋል፣ ቀጥሎ «ደግነቱ ፈተናውን...» ይላል። ደግነቱ! ይህችን ቃል ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ከመላው የዋሽንግተን ዙሪያ ጠርጎ የሚያጠፋላት ሰው ብታገኝ ዕንቁ እግሩን በሳመች።

አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለችም። ፍራሹ ላይ እናቷ ዘርትሁን አጠገብ ትቀመጥና ትነሳለች፤ ኪችን ገብታ የታጠበ ብርጭቆ ታጥባለች፤ ፎቅ ወጥታ ምን ፈልጋ እንደወጣች ይጠፋባትና ትመለሳለች። «አንቺ ልጅ፣ ሐዘንተኛ እኮ አይሠራም፤ ቁጭ በይ» ይሏታል። ትቀመጣለች። ደግሞ ትነሳለች።

ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ነው የማያስቀምጣት። ሁለት ዓመት ኮሚኒቲ ኮሌጅ የተማረችው ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም ተቀብሏታል። የቀራት «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» የሚለውን መንካት ብቻ ነው። የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው።

«አልሄድም» አለቻት ለቲና፣ ኪችን ውስጥ። ቲና የጋሽ ክፍሌ ልጅ ናት፤ ጋሽ ክፍሌ ደግሞ የአባቷ የልብ ጓደኛ ነው።

«አር ዩ ሲሪየስ? ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋሽው ለዚህ አይደል እንዴ?»

«አባቴ ሞቶ እያለ እየሳቅኩ ያገኘሁት ነገር ነው። አልፈልገውም። ይቅርብኝ።»

ቲና የታጠበውን ብርጭቆ ማድረቅ ጀመረች። ምን ትመልስ? እሷም አለችበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ወልደአምላክ ሰኞ ጠዋት ክሪስታል ሲቲ፣ በሚነዳው የኤርፖርት ሻትል አውቶቡስ ውስጥ መንገደኛ ሲጠብቅ ልቡ ቀጥ አለ። ዕንቁ የፈተናውን ሳምንት ለኮሌጇ ይቀርባል ብላ አሌክሳንድሪያ ቲና አፓርትመንት ነበረች። የካልኩለስ ፋይናሏ ረቡዕ ነው፤ ዝውውሩ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የተሰበሰቡት ትልልቅ ሰዎች ተያዩና ጋሽ ክፍሌ «ፈተናዋን ትጨርስ» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ዘርትሁን «ልጄን ጥሩልኝ» ብላ ነበር፤ የሰማት የለም።

ማክሰኞ ማታ ዕንቁና ቲና ፒዛ አዘዙ። ዕንቁ ስለ ካልኩለስ አስተማሪዋ ስትቀልድ ቲና ሻወር እወስዳለሁ ብላ ተነሳች፤ ውሃው ብዙ ቆይቶ ነው የቆመው። ዕንቁ ምን ታውቃለች? ለአባቷ የድምፅ መልእክት ላከች፤ «አባ፣ ከነገ በኋላ በቃ! ወደ ትልቁ ልሄድልህ ነው!» ብላ። ረቡዕ ጠዋት፣ ፈተና ልትገባ ስትል፣ ከአባቷ ስልክ መልስ መጣላት። «በርቺ ልጄ» ይላል።

እሱን አንብባ ነው የገባችው። እሱን አንብባ ነው ጥያቄውን ሁሉ ጥርግ አድርጋ የሠራችው። ስትወጣ ቲና መኪናው ውስጥ ስታለቅስ አገኘቻት።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ ወልደአምላክ ጽሑፍ አይልክም ነበር። ጣቴ ለፊደሉ ይወፍራል ይልና ድምፁን ነው የሚልከው፣ ከኋላው የሻትሉ በር ሲዘጋ እየተሰማ። ይህን እያወቀች እንዴት አልጠረጠረችም? «ደደብ» ትላለች ራሷን፣ ብርጭቆዋን እያለቀለቀች።

ደግሞ በማን ላይ ይደረጋል! በወልደአምላክ! በዚህ አገር ላለው ማኅበረ ምእመን መርዶ የሚናገረው እኮ እሱ ነበር። ከአዲስ አበባ የሞት ወሬ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለእሱ ነው። ሴቨን ኮርነርስ ይሁን ፔትዎርዝ፣ ባለሐዘኑ ሥራ ሳይወጣ ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳል። «ትንሽ አሟቸዋል» ብሎ ማለማመድ አያውቅም። «ቅዳሜ ዕረፍቱ ነው፣ እስከዚያ እናቆየው» ሲሉት «እናቱ የሞተችበት ሰው ነው ወይስ እኛ ነን የምንወስነው?» ብሎ መኪናውን ያስነሳል። አንዳንዱ ጨካኝ ይለው ነበር። ቆይቶ ግን ያ ያማው ሰው ራሱ ሲደርስበት የሚጠራው እሱን ነው።

ውሸት አይችልም። ዕንቁ ኮሌጅ የጀመረች ሰሞን ከአምልኮ በኋላ እትዬ አረጋሽ «የት ገባሽልን?» ሲሏት «ዩኒቨርሲቲ» አለች። የእሳቸው ልጅ በቀጥታ ትልቅ ቦታ ገብቷላ! ወልደአምላክ ከጎኗ ሆኖ «አይ፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው የገባችው» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሁለት ዓመት እዚያ ትማርና ትዛወራለች።» ዕንቁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። መኪና ውስጥ አላናግርም አለችው።

«ሰው የሚዋሸው ወይ ሲፈራ ነው ወይ ሲያፍር» አላት እየነዳ። «አንቺ የትኛው ነሽ?»

«ቦዝ! ሁለቱንም!» ብላ ጮኸችበት። እሱም ሳቀ፣ እሷም ሳትወድ ሳቀች።

አመሻሹ ላይ ለጸሎት ሰው ሳሎን ተሰበሰበ። እትዬ አረጋሽ ተነሱ፤ እጃቸውን ዘረጉ። «ጌታ ሆይ፣ ልጃችንን ከድንጋጤ ጠብቀህ ፈተናዋን በሰላም ስላስጨረስካት...»

«ጌታ አይደለም» አለች ዕንቁ።

ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። ሰው ዓይኑን ገለጠ።

«እናንተ ናችሁ። ጌታ ላይ አታላክኩ። አባቴ ሞቶ እኔ ፒዛ ስበላ ሁላችሁም ታውቁ ነበር።»

እትዬ አረጋሽ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ዕንቁ ለእናቷ ፍራሽ ቅርብ በሆነው በር ልትወጣ ስትል ዘርትሁን ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት።

«ክፍሌን አናግሪው» አለቻት በቀስታ። «የአባትሽ ስልክ እሱ እጅ ነበር። ሰው ላይ አትጩሂ። እሱን ሄደሽ አናግሪው።»

ጋሽ ክፍሌ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ የኪራይ ወንበር ያጣጥፋል። ማንም አጣጥፍ አላለውም፤ ሰዉም ገና አልሄደም።

«ጋሼ።»

ቀና አለ፤ ዓይኑን ግን መንገዱ ዳር ወደ ቆሙት መኪናዎች መለሰው።

«ለምንድነው የጻፍክልኝ?»

«ለፈተናሽ ብለን እኮ ነው፣ የኔ ልጅ። ልፋትሽ ሜዳ ላይ እንዳይቀር...»

«ለፈተናዬ ቢሆን ስልኩን ታጠፋው ነበር። እውነቱን ንገረኝ።»

ወንበሩን ለቀቀው። ጢሙን አልተላጨም፤ በአንድ ሳምንት ያረጀ መስሏል።

«ፈርቼ ነው» አለ። «ምን ልበልሽ? ከአባትሽ ጋር ስንት ቤት መርዶ ሄጃለሁ፤ አንድም ቀን አፌን ከፍቼ አላውቅም። የሚናገረው እሱ ነው። እኔ ከኋላው ቆሜ አለቅሳለሁ። ሰኞ ዕለት ከፊቴ ማንም የለም። ፈተናዋን ትጨርስ ያልኩት እኔ ነኝ። ፈተና ባይኖርሽ ኖሮ ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር። ድምፅሽ ሲመጣ ደግሞ፣ ዝም ካልኩ ትደውላለች፣ ከደወለች ምን እላታለሁ አልኩ። እሱ የሚልሽን ነው የጻፍኩት። ምንም አልጨመርኩበትም።»

«‹ልጄ› ብለሃል። አባ ‹ልጄ› ብሎኝ አያውቅም።»

«ምን ነበር የሚልሽ?»

«ዕንቁ። በቃ፣ ዕንቁ።»

ጋሽ ክፍሌ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ዕንቁ ቆማ አየችው። ስንት ቀን ሙሉ ስትረግመው የከረመችው ዩኒቨርሲቲ ለካ በነገሩ የለበትም። የፈራ ሰው ነው የደበቃት። በፈራ ሰው ላይ እንዴት ይጨከናል? ንዴቷ ግን መሄጃ አጣ።

«አሁን ንገረኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«መርዶውን። እስካሁን ማንም አልነገረኝም እኮ! ቲና አለቀሰች፣ በራችን ላይ ጥቁር የለበሰ ሰው አየሁ፣ ራሴ ገመትኩ። አባ እንደሚናገረው ንገረኝ።»

«አልችልም፣ ዕንቁዬ።»

«ትችላለህ። እንዴት ነበር የሚያደርገው?»

«እጅ ይይዛል» አለ ጋሽ ክፍሌ፣ እንባው እየወረደ። «ስም ይጠራል። ከዚያ አንዴ ይናገራል። ሁለቴ አይልም።»

ኮፍያውን አወለቀ። ሁለት እጆቿን ያዘ።

«ዕንቁ» አለ። «አባትሽ ወልደአምላክ ሞቷል።»

ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ከረቡዕ ጀምሮ እንባ ጠብ አላላትም ነበር፤ ሰው ሁሉ «ጠንካራ ናት» ሲላት ከርሟል። አሁን «አባ!» ብላ ስትጮህ ሳሎን ያለው ሰው ግር ብሎ ወጣ። ዘርትሁን ከፊት ነበረች፤ ሊደግፏት የመጡትን ሴቶች በክንዷ መለሰቻቸው።

«ተዉአት» አለች። «ገና አሁን መስማቷ ነው።»

አለቀሰች፤ ጋሽ ክፍሌም አብሯት አለቀሰ። ድምፅዋ ሲዘጋ፣ ሲሚንቶው ላይ እንደተቀመጠች፣ አንድ እጇን አስለቅቃ ስልኳን አወጣች። ፊቷ በእንባ ስለራሰና ስላበጠ ስልኩ አላወቃትም፤ የመክፈቻ ቁጥሩን በአውራ ጣቷ መታች። ገጹ ተከፈተ። «እመጣለሁ» የሚለውን ነካች። ሌላኛው እጇ በጋሽ ክፍሌ እጅ ውስጥ ነበር፤ አልሳበችውም።