የጋሽ ኑሩ ስድስት ጎራሽ

መሳፍንት ኦበርን በምትባል የፈረንጅ ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት አነስተኛ የመሣሪያ ጥገና ሱቅ ይሠራ ነበር። እጁ የተመሰከረለት ነው። ሃምሳና ስድሳ ዓመት ያስቆጠሩ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦችን ፈታቶ፣ አፈሙዛቸውን አሳጥሮ፣ እጀታቸውን በአጥንት ቀይሮ፣ ምላጫቸውን አለስልሶ ልክ የድሮ ካውቦዮች ወገባቸው ላይ የሚታጠቁትን ያስመስላቸዋል። ደንበኞቹ እሁድ እሁድ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው በአንድ ክለብ ዒላማ የሚወዳደሩ ሰዎች ናቸው።

ከእነሱ መሀል ሐበሻው አንድ ብቻ ነበር፤ ጋሽ ኑሩ። ማውንት ቤከር የተባለው ሰፈር አጠገብ የቅመማ ቅመምና የእህል ሱቅ ያላቸው፣ ስድሳ አራት ዓመት የሞላቸው የእነሞር ሰው። ክለቡ ውስጥ ሁሉም የካውቦይ ስም ስለሚያወጣ እሳቸውም «እነሞር ኪድ» ተብለው ተመዝግበዋል። ስማቸው ሲጠራ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሲስቁ ያየ ሁሉ አብሯቸው ይስቃል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሲስቁ ያየቻቸው በዚህ በካውቦይ ነገር ብቻ እንደሆነ ልጃቸው ሩመይሳ ራሷ ትናገራለች።

በመጋቢት ወር አንዲት አሮጌ ሽጉጥ ይዘው መጡ።

«መሳፍንት፣ ይቺን እንደ ቅቤ አድርግልኝ። ምላጯ ጠንክሮ ጣቴን ጨረሰኝ።»

«እንዴታ ጋሽዬ! ለቅዳሜ ትደርስልዎታለች።»

የዚህ ዓይነት ሽጉጥ ከመተኮሷ በፊት ከኋላ ያለችው መምቻዋ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ትሳባለች። ምላጩ እስኪነካ ድረስ መምቻዋን ይዛ የምታቆያት ደግሞ እዚያው መምቻዋ ላይ ያለች የሩዝ ፍሬ የማታክል ጥርስ ናት። ምላጩ እንዲለሰልስ ያቺ ጥርስ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ መሞረድ አለባት። መሳፍንት ሞረዳት። ከዚያ እንደ ልማዱ ባዶዋን ስቦ መምቻዋን በአውራ ጣቱ ከኋላ ገፋ አደረጋት። አልተነቃነቀችም። ደገመ፤ ያው ነው። በአራተኛው ግን ምላጩ ሳይነካ ቀጭ ብላ ወደቀች።

ድንግጥ አለ። ስድስት ጊዜ ሞከራት፤ ስድስቱንም ጊዜ ያዘች። «በደንብ ሳልስባት ቀርቼ ይሆናል» አለ ለራሱ። አዲስ መምቻ ቢታዘዝ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ጋሽ ኑሩ ደግሞ የዓመቱ ትልቁ ውድድር ከፊታቸው ነው። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣቸው።

ሰኞ ጠዋት የሱቁ ባለቤት ዌስ ወሬውን ነገረው። ጋሽ ኑሩ ሽጉጧን ከማህደሯ መዘው መምቻዋን እንደሳቡ ባረቀችባቸው። ጥይቱ የቀኝ ባታቸውን በስቶ ወጣ። ደግነቱ አጥንት አልነካም። ምላጩን አልነካሁም ብለው ቢምሉም የውድድሩ ዳኛ «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አላቸውና ከክለቡ ታገዱ።

ዌስ ሽጉጧን የመሳፍንት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «ቼክ አድርጋትና ሪፖርት ጻፍ።»

መሳፍንት ሳባት፤ ገፋት። በሦስተኛው ወደቀች። ቀና ሲል ዌስ ከደንበኛ ጋር ያወራል። ብዕሩን አነሣና «ምንም ችግር አልተገኘባትም» ብሎ ጻፈ። ፈረመበት።

ከዚያ በኋላ ምግብ አልበላ አለው። በአሥረኛው ቀን ተምር ገዝቶ ሬኒየር ቢች ሰፈር ወዳለው የጋሽ ኑሩ አፓርታማ ሄደ። ሩመይሳ ከፈተችለት።

ጋሽ ኑሩ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። «መጣህልኝ ልጄ! አንተማ እንደ ቅቤ አድርገህልኝ ነበር፤ እኔ አበላሸሁት እንጂ።»

«ኧረ ጋሽ ኑሩ...»

«የለም፣ መጀመሪያ አልነካሁም ብዬ ነበር። አሁን ግን ሳስበው ጣቴ ሳላውቀው ነክቶ ይሆናል። ሰውነቴ ከድቶኛል። መኪና መንዳት ትቻለሁ። የሱቁንም ቁልፍ ለሩመይሳ ሰጥቻታለሁ። ሌላ ሰው ሳልጎዳ መቀመጥ ይሻለኛል።»

ባርኔጣቸውንም ለሰው ሰጥተውታል፤ ይህንን የነገረችው ሩመይሳ ናት። መሳፍንት ያመጣውን ተምር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እግዜር ይማርዎት» ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ፤ መልሶ አጠፋው። ወደ ላይ ሲያይ ሩመይሳ የሳሎኑን መጋረጃ ስትዘጋ አየ። ወረደና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ተመለሰ።

«ጋሽ ኑሩ፣ ምላጩን አልነኩትም» አለ በሩ ላይ እንደቆመ።

«ምን አልክ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ጥርሷን ከመጠን በላይ ሞርጃት ነበር። ስሞክራት አንዴ ወድቃለች፤ አይቼ ነው የሰጠሁዎት። ሪፖርቱንም ዋሽቼ ነው የጻፍኩት።»

«ዩ ኒው?» አለች ሩመይሳ። «እያወቅክ ነው?»

አባቷ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟት። «እንግዲያው ጣቴ አልነካም?»

«አልነካም።»

ጠቋሚ ጣታቸውን አዩት። አጠፉት፤ ዘረጉት። ዓይናቸው ውሃ ሞላ። መሳፍንት ሊሰደብ፣ ሊባረር ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሳቸው ግን ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«የተዋረድኩት ክለቡ ፊት ነው። እዚያው ቆመህ ትናገራለህ። አሁን ሂድ።»

በማግስቱ ለዌስ ነገረው። ዌስ የሱቁን ቁልፍ ተቀብሎ አሰናበተው። እሁድ መሳፍንት በሠላሳ ባለባርኔጣ ሰዎች ፊት ቆሞ፣ እንግሊዝኛው እየተደነቃቀፈበት፣ ሁሉንም ከሀ እስከ ፐ ተናገረ። ጋሽ ኑሩ በክራንች ተደግፈው አጠገቡ ቆመዋል፤ አንዴም ዞረው አላዩትም። ዳኛው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እሳቸው ሄደና ይቅርታ ጠየቃቸው። መሳፍንትን ሰላም ያለው ሰው አልነበረም። ብቻውን ወደ መኪናው ሄደ።

አሁን መሳፍንት አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል። ጋሽ ኑሩ በበጋው ወደ ውድድሩ ተመልሰዋል፤ ሽጉጣቸውን የሚሠራላቸው ግን ሌላ ሰው ነው። መሳፍንት ምስር የሚገዛው ከእሳቸው ሱቅ ነው። ልጄ አይሉትም፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ «ምን ልስጥህ?» ይሉታል።

አንድ ቀን ሱቁ ባዶ ሆኖ አገኛቸውና እንደገና ይቅርታ ጠየቃቸው። ጋሽ ኑሩ ሚዛኑ ላይ ያለውን ምስር አስተካከሉ።

«የእግሬን ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። «የእነዚያን አሥር ቀናት ግን ገና ነኝ።»

መሳፍንት «እሺ ጋሽ ኑሩ» አለ። ምስሩን ተቀብሎ ወጣ። በሚቀጥለው ወርም ሄደ።