የሰኔ ሦስት እንግዳ

በ1998 ዓ.ም. የካቲት 14 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ መምህር ተሰማ ስድስት መቶ ተማሪ በተሰለፈበት በሞንታርቦ እንዲህ አለ፦ «ፊደል ያልዘለቀ ዘበኛ ልጆቻችንን በጅብ ወሬ አያደንቁርብን። በር ጠባቂ በሩን ይጠብቅ።»

ዘበኛው ሁመድ ይማም ነበር። ቀኑንም ሰዓቱንም አልረሳም። የተሰማ ቡናማ ኮት ክርኑ ላይ የተጣፈ እንደነበር፣ ከፊት የቆሙት የአንደኛ ክፍል ልጆች ነገሩ ሳይገባቸው እንደሳቁ፣ ሞንታርቦው ድምፁን ከአጥሩ አሻግሮ እስከ ታክሲ መያዣው እንዳደረሰው፣ ሁሉንም ያስታውሳል። በማግስቱ ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ «ሁመድ፣ ጅቡ እንዴት አደረ?» ብሎታል። እሱንም ይዞለታል። ረቡዕ ነበር።

እንግዲህ እውነት ይነገር ከተባለ ሁመድም ከጥፋት ነፃ አልነበረም። ልደታ ባለው በዚያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከጥበቃው ሌላ ደወል የመምታቱም ሥራ የእሱ ነው። ደወል የሚባለው ከግቢው የጽድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የአሮጌ መኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ይመታል። አመሻሽ ላይ ወላጅ የዘገየባቸውን ልጆች በሩ አጠገብ ሰብስቦ በልጅነቱ ወሎ የሰማውን ተረት ይነግራቸዋል። ግን አይጨርስላቸውም። ወላጅ ብቅ ሲል ከመሃል ይቆርጠውና «ቀሪው ነገ ጠዋት» ይላል። ልጆቹም ቀሪውን ለመስማት ከሁሉም ቀድመው ይመጣሉ። በእሱ ጊዜ እነዚያ ልጆች አርፍደው አያውቁም፤ ይህን ማንም አልቆጠረለትም። ያን ዕለት ግን ወሬው ጣፈጠውና ደወሉን አምስት ደቂቃ አዘገየ። አምስት ደቂቃ ናት።

ተረቱ በአህዮች መንደር በር ጠባቂ ሆኖ ስለተቀጠረ ጅብ ነበር። ጅቡ ምሎ ተገዝቶ ተቀጠረ። ሁለት ሌሊት በሰላም አለፈ። በሦስተኛው አንዲት አህያ አምሽታ መጣችና በሩን አንኳኳች። ልክ እዚህ ላይ ነው ተሰማ ማይክራፎኑን ያነሳው። የዚያን ተረት መጨረሻ ከዚያ ወዲህ አንድም ልጅ አልሰማም፤ ሁመድ ሌላ ተረትም አልተናገረም። ከተሰማ ጋርም ሰላምታ ቆመ።

ብዙም ሳይቆይ ተሰማ የእንግዳ ሰዓት የሚባለው ነገር ኃላፊ ሆነ። በየወሩ አንድ ረቡዕ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ አዳራሽ ይገባሉ፤ እንግዳ ይመጣል። ደራሲ መጥቶ መጽሐፉን ያነባል። ተዋናይ መጥቶ ያለቅሳል፣ ይስቃል። ጥርስ አፋፋቅ የምታስተምር ነርስም መጥታለች፤ እሷም ተጨብጭቦላታል፣ ኬክ ቀርቦላታል። ሁመድ ቦርሳቸውን ይፈትሻል፣ በር ይከፍታል። ስማቸው አስቀድሞ በወረቀት ይላክለታል። ሁለቱ ስለማይነጋገሩ ወረቀቱ የሚመጣው በጽዳት ሠራተኛዋ በመይሙና እጅ ነው። ሁመድ አያነበውም። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሯል፣ ማንበብስ ያነባል፤ የተሰማን ጽሕፈት ማየት ግን ያንገሸግሸዋል። ተቀብሎ የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካለው ሚስማር ይሰካዋል። እንግዳ ሲመጣ መታወቂያ ጠይቆ ያስገባል። ሚስማሩ ሲሞላ ወረቀቱን ለማታው ጠባቂ ለኩማ ይሰጠዋል፤ ኩማ ሌሊት ከሰል ያያይዝበታል። እንዲህ ሲል ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ሰኔ 3 ቀን 2007፣ ረቡዕ፣ የዓመቱ የመጨረሻ የእንግዳ ሰዓት ነበር። ለሁመድ ደግሞ ከነጭራሹ የመጨረሻው ነው። ስድሳ ዓመት ሞልቶት በወሩ ማለቂያ ጡረታ ይወጣል። የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ሳይወጣ በፊት ተሰማ ያቺን ቃል ልጆቹ ባሉበት እንዲያነሳለት። ለዳይሬክተሯ ለወይዘሮ ወይንሀረግ ባለፈው ወር ነካ አድርጎላት ነበር፤ ከመሄዴ በፊት ለልጆቹ አንድ ተረት ብነግራቸው ብሎ። ከመምህር ተሰማ ጋር ተነጋገሩበት አለችው። እሱም አልተነጋገረም። እንዴት አድርጎ።

ከምሳ በኋላ መይሙና በትሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወረቀት ዘረጋችለት።

«ጋሽ ሁመድ፣ ይቺን እንኳ ዛሬ ይዩዋት።»

«አያታለሁ።»

«እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም። መምህር ተሰማ ራሱ ነው ከቢሮ ወጥቶ የሰጠኝ። ‹ያንብባት በይው› አለኝ። ሁለቴ ነው ያለኝ።»

«ምን አስጨነቀው? ዛሬ ሚኒስትር ነው እንዴ የሚመጣለት?»

መይሙና ሳቀች። «እኔ ፊደሉን ባውቀው አነብልዎት ነበር።»

«ፊደሉማ እኔም አልዘለቀኝም ተብሏል» አለና ወረቀቱን ሳይገልጥ ሚስማሩ ላይ ሰካው።

የእንግዳ ሰዓት ባለ ቁጥር ኩማ ቀደም ብሎ ይመጣለታል። ሁመድ ደግሞ እሁድ ጠዋት ኩማ ከጸሎት ቤቱ እስኪመለስ በሩን ይይዝለታል። ስምምነታቸው የቆየ ነው። ኩማ ወንበሩን እየሳበ፣ «ሂድ እንግዲህ፣ ጭብጨባው ሳይደርስብህ» አለው። የት እንደሚሄድ ጠይቆት አያውቅም፤ ሁመድም ነግሮት አያውቅም። ስልኩን ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ትቶት ወጣ።

የሚሄደው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ሳዲያ ሻይ ቤት ነው። ከአንድ በያጅና ከአንድ ልብስ ሰፊ መሃል የተሸጎጠች፣ አራት አግዳሚ ያላት ቤት ናት። ጀርባውን ወደ ትምህርት ቤቱ አዙሮ ይቀመጣል። ርቀቱ የማያሰማ ቢሆንም እንደዚያ ነው የሚቀመጠው።

ሳዲያ ሻዩንና ሁለት ሳምቡሳ አስቀመጠችለትና ዛሬም ሸሽተህ መጣህ ወይ አለችው። ሻዩን ማማሰል ሲጀምር ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሰውየው እኮ ረስቶታል፣ ሁመድ።»

«እኔ አልረሳሁም።»

«እሱ ረስቶ አንተ ብቻህን ተሸክመኸው የት ልታደርሰው ነው? እሺ ለኔ ንገረኝ። አህያዋ አንኳኳች። ጅቡ ምን አለ?»

«የልጆች ነው።»

«ልጆቹማ ጢም አበቀሉ።»

ሁመድ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ይቺን ተረት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሆዱ ሲጨርሳት ኖሯል። የጅቡን ድምፅ በየት በኩል እንደሚያወፍረው፣ የት ላይ ዝም ብሎ ልጆቹን እንደሚያይ፣ ሁሉን ያውቃል። ለሳዲያ አፉን ከፈት ሲያደርግ ሁለት የበያጁ ሠራተኞች ሻይ ብለው ገቡ፤ እሷም ተነሳች። በልደታ በኩል አዲሱ ባቡር ለሙከራ ባዶውን ሲያልፍ ድምፁ መጣ። ሳምቡሳውን በልቶ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ወደ አጥሩ ሲጠጋ ሌላ ጊዜ የጭብጨባው መጨረሻ ይደርስበት ነበር። ዛሬ ጸጥ ብሏል። እንግዳው እንደቀረ ገባው። ተሰማ ልጆቹን ሰብስቦ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ማይክራፎኑን ይዞ፣ በሩን በሩን ሲያይ ታየውና ደስ አለው። ይበለው አለ። ይፈር እሱም አንድ ቀን።

ኩማ በሩን ሲከፍትለት ፊቱ ልክ አልነበረም።

«የት ነው የገባኸው? ስልክህ ስድስት ጊዜ ጮኸ። መይሙና መስጊድ ድረስ ሄዳ አጣችህ።»

«ምን ተፈጠረ?»

«እንግዳው አንተ ነህ ይላሉ እኮ።»

«የምን እንግዳ?»

«የዛሬው ነዋ። ልጆቹ አዳራሽ ቁጭ ብለው አንተን ሲጠብቁ ነው የዋሉት። ወይዘሮ ወይንሀረግ ሁለቴ መጥታ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ነግረኸኝ ታውቃለህ?»

ሁመድ ወደ ጥበቃ ቤቱ ገባ። ወረቀቱን ከሚስማሩ ሲያላቅቀው ጫፉ ተቀደደ። ወደ ብርሃኑ ዞሮ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቃል በቃል አነበበው። የተሰማ ጽሕፈት ክብ ክብ ያለ፣ የሚነበብ ነበር። ክፉ አልነበረም።

«የዛሬ እንግዳችን አቶ ሁመድ ይማም፣ የትምህርት ቤታችን ጥበቃና ተረት ነጋሪ። በ1998 በእኔ ጥፋት የተቋረጠውን ተረት እንዲጨርሱልን፣ እኔም ያኔ በልጆች ፊት ስለተናገርኩት በልጆች ፊት ይቅርታ እንድጠይቅዎ በትሕትና እለምናለሁ። ተሰማ።»

ሁለተኛ ሊያነበው ሲጀምር ከአዳራሹ የልጆች ጫማ ኮቴ መጣ። በየክፍላቸው ተሰልፈው እየተመለሱ ነበር። ከመካከላቸው አማል፣ አባቷ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ፎቶ ኮፒ የሚሠራው፣ ማታ ማታ ከሁሉም ኋላ የምትወሰደው ልጅ፣ ከሰልፉ ወጥታ መስኮቱ ሥር ቆመች።

«አባባ፣ እኔ ከፊት ነበርኩ የተቀመጥኩት» አለች።

መምህሯ ጠራቻትና ሮጠች።

ተሰማ ከሁሉም በኋላ ብቻውን መጣ። ጸጉሩ ሸሽቷል። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ክራቫቱን አላልቶታል። ከጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ደርሶ ቆመ። ኩማ ነገሩን አይቶ ወደ ውጭ በኩል ዞረ።

«ጋሽ ሁመድ» አለ ተሰማ።

አንተ ይለው የነበረው ሰው ነው። ሁመድ ወረቀቱን ይዞ ከወንበሩ ተነሳ።

«ወንበሩን መድረክ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አርባ አምስት ደቂቃ ባዶውን ቆመ። ልጆቹን መዝሙር አዘምሬ፣ እንቆቅልሽ ጠይቄ፣ አለቀብኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ፊት ለፊት መናገር ነበረብኝ። ስንት ቀን እዚህ በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ወረቀት ይቀለኛል ብዬ ነው።»

ሁመድ ጽዱን አየ። ቸርኬው ነፋስ ሳይኖር ተንጠልጥሏል።

«እምቢ ብለው ከሆነ አልፈርድብዎትም» አለ ተሰማ። «የሥራዬን ነው ያገኘሁት፤ ሁለተኛ አላስቸግርዎትም። ግን ምናልባት ወረቀቷን ሳያዩዋት ቀርተው ከሆነ ይንገሩኝ። ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ እናደርገዋለን። ከሰኞ ጀምሮ ፈተና ነው፤ ከዚያ ልጆቹም ይበተናሉ፣ እርስዎም ይሄዳሉ።»

አንዲት ቃል ነበረች። አላየኋትም ማለት። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ግን እሷን ተከትሎ የሚመጣው ታየው። መይሙና ይዩዋት ብላ ሰጥታዋለች። ነገ በመምህራን ማረፊያ ሻይ ላይ ይወራል፤ ዘበኛው ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ሚስማር ላይ ሰክቶ ሳምቡሳ ሊበላ ሄደ፣ እዚያው በር ላይ ተቀምጦ ዘጠኝ ዓመት ወረቀት ሳያነብ ኖረ ይባላል። ፊደል ያልዘለቀው ተብሎ አልነበር፤ ይኸው ተብሎ ይሳቃል። እምቢ ባለ ሰው ላይ ግን ማንም አይስቅም። ተሰማ ራሱ አሁን የቆመው እምቢ ያለ ሰው ፊት እንደሚቆም ሆኖ ነው፤ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። ሁመድ ዘጠኝ ዓመት ሲመኘው የነበረው አቋቋም ነው።

አማል ከክፍሏ መስኮት እያየችው ይሆን? መስኮቱ ሩቅ ነው፣ አይለይም።

ሁመድ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው። ተሰማ እጥፋቱን በዓይኑ ተከተለ።

«ጋሽ ሁመድ፣ እሺ እኔን ይተዉኝ። ልጆቹን ምን ልበላቸው?»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ሁመድ ከጥጉ ብረቱን አነሳ፤ በተሰማ አጠገብ አልፎ፣ ደወሉን በሰዓቱ ሊመታ ወደ ጽዱ ሄደ።