የመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ድረ ገጽ

«ድምፆቹን እልክልዎታለሁ፤ ፕሮግራሙን ግን መውሰድ አይችሉም፣ የእኛ ነው» አለ ሰውየው በስልክ።

ሰብለ ወንጌል ወረታ ውስጥ ከምትሠራበት ትምህርት ቤት ደጅ እንደቆመች ቀረች። ድረ ገጹን የሠራላት ድርጅት በሳምንቱ መጨረሻ ሊዘጋ ነው። ገጹ ላይ የአባቷ የመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል አርባ የድጓ ትምህርቶች አሉ። መሪጌታ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ድምፃቸው የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

የኮምፒውተር መምህሩ ሰውመሆን እንባዋን አይቶ ቀረባት። ነገሩን ስትነግረው አልደነገጠም።

«ኮዱ ክፍት በሆነ ፕሮግራም እንሠራዋለና! ስሕተት ካለው ያየ ሁሉ ያርመዋል። አንዱ ድርጅት ቢዘጋብሽ ጠቅልለሽ ወደ ሌላው ትሄጃለሽ። እኔ ብጠፋ እንኳ ሌላ ባለሙያ ይቀጥልልሻል።»

«ኮዱን የጻፉት ሰዎች ምን ይላሉ?»

«ገልብጡት ብለው ፈቅደዋል።»

ሰብለ ወንጌል በእንባዋ መሀል ሳቀች። ይህማ የአባቷ ወግ ነው። የድጓ ተማሪ የመምህሩን መጽሐፍ በእጁ ገልብጦ ነው የሚወጣው፤ መሪጌታም ብራናቸውን ለጠየቀ ሁሉ ይሰጡ ነበር። መጽሐፉ ሰም ተንጠባጥቦበት ሲመለስ የምትቆጣው እሷ ነበረች። ድረ ገጹንም «ሰው ይስማ እንጂ ማንም እንዳያወርደው» ብላ ያዘጋችው እሷው ናት። አባቷን ሞት ወስዶባታል፤ የተረፈውን ድምፅ ደግሞ ሌላ ሰው እንዲወስድባት አልፈለገችም።

ድምፆቹ እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ከሥራ በኋላ በኮምፒውተር ክፍሉ ተቀምጠው አንድ በአንድ ጥቂት ጥቂት እየሰሙ ሰውመሆን ባዘጋጀው አዲስ ድረ ገጽ ላይ ጫኗቸው። ሃያ ሦስተኛው ላይ መሪጌታ ዜማውን በድንገት አቋረጡ።

«ሰብልዬ፣ በሩን ገርበብ አርጊው፤ ነፋሱ ወረቀቴን በተነው።»

ከዚያ ዜማቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ሰብለ ወንጌል መልሳ ከፈተችው፤ ደግማ መለሰችው። ሰብልዬ የሚላት ሌላ ሰው የለም። ምነው አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዲት ጊዜ፣ ከጓዳ ቢጠሯት!

«ይችን ቆርጬ ለብቻሽ ላስቀምጥልሽ?» አላት ሰውመሆን ቀስ ብሎ። «ማውረዱንስ? እንደ በፊቱ ልከልክለው?»

ያኔ ስልኳ ጠራ። መሪጌታ ደስታው ናቸው፤ የአባቷ ተማሪ የነበሩ፣ አሁን ቁሐር ሚካኤል ጉባኤ ዘርግተው የሚያስተምሩ።

«እታለም፣ እንደምን ዋልሽ? ድምፁን እናውርደው ያልሁሽን ነገር አሰብሽበት ወይ? ክረምቱ ገባ እኮ። ውኃው ሜዳውን ከያዘው ኔትወርክ የሚባል የለም። ልጆቹ የኔታን በምን ይስሙ?»

ስክሪኑን አየች።

«አርባውንም ያውርዱ፣ መሪጌታ። ዛሬ ማታ ይከፈታል። ለሌላም ጉባኤ ቤት ቢሰጡ ደስ ይለኛል።»

«እግዜር ይስጥሽ!»

«ግን ሃያ ሦስተኛው ላይ አባባ ዜማውን አቋርጠው እኔን ይጠራሉ። በሩን ገርበብ አርጊው ይላሉ።»

መሪጌታ ደስታው ሳቁ። «ወዮልሽ! የእኛ ልጆች የሰሙትን ሁሉ ነው የሚይዙ። ስምሽንም በሩንም ከዜማው ጋራ በቃላቸው ይሉታል። ቁረጪው እንጂ።»

ሰውመሆን እጁን መዳፊቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ሰብለ ወንጌል ራሷን በመነቅነቅ «አትቁረጠው» አለችው።

«ይበሉት» አለች በስልኩ።