የፋኖሱ ብርጭቆ

ወይዘሮ አሰለፈች ካርቶኑን ከእጄ ተቀብለው ከፍተው አዩና፣ «ተባረኪ፤ እንዲህ አጥቦ የሚያመጣልን የለም» ብለው በሩ አጠገብ ባለው በርሜል ውስጥ ገለበጡት። ሲንኮታኮት ሰማሁት።

ያጠብኩት ለእሳቸው አልነበረም። የእናቴ ፋኖስ ብርጭቆ ነው። ፋኖሱን አባቴ ሳሪስ ሱቅ የከፈተ ጊዜ ነው የገዛው። እሱ ከሞተ ወዲህ፣ መብራት በፈረቃ ሲጠፋ እናቴ ሻማ አታበራም፤ ፋኖሱን ነው የምትለኩሰው። ባለፈው ሳምንት ድመት ጥላው ብርጭቆው ተሰበረ። መርካቶን ሙሉ ዞሬ «ይሄ ዓይነቱ ቀርቷል» ተባልኩ። አቃቂ ብርጭቆ የሚነፋ ሰው አለ ሲሉኝ፣ ስብርባሪውን ለልክ እንዲሆን በፕላስተር አያይዤ ወደ ግቢው መጣሁ።

የዚያ ግቢ መግቢያ ገንዘብ ሳይሆን ስባሪ ጠርሙስ መሆኑን የነገረኝ የለም።

«እትዬ፣ እሱ እኮ...»

«ግቢ፣ ግቢ፣ በር አትዝጊ!»

ከኋላዬ ልጆቻቸውን የያዙ ሰዎች ጠርሙሳቸውን ይዘው ይጋፋሉ። አብራኝ የመጣችው እህቴ ፈርዶሳ ቀድማኝ ገብታለች። ገባሁ።

የወይዘሮ አሰለፈች ባለቤት አቶ ጉተማ ከጠርሙስ ፋብሪካ ጡረታ ወጥተው ግቢያቸውን በድሮ የልጆች መጫወቻ የሞሉ ሰው ናቸው። ብርጭቆ የሚነፉበት ምድጃ ጓሮ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን መጫወቻዎቹን ሁሉ ተጫውቶ ማለፍ ግድ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ጉዳይ ነበረኝ። በርሜሉ ውስጥ...»

«ጉዳይ ከጨዋታ በኋላ! ያልተጫወተ ሰው እሳት አጠገብ አላቆምም፤ ሲቸኩል ይቃጠላል። በይ፣ ሰኞ ማክሰኞ ዝለይ።»

ዘለልኩ። በዲግሪ የተመረቅኩ ሰው፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ፊት። መስመር ረገጥሽ ተብዬ እንደገና ዘለልኩ። ጎማው ቆርኪ የሆነ የሽቦ መኪና ነዳሁ። ገበጣው ላይ ስንደርስ ፈርዶሳ ጠጠሮቿን እያሰላች አልነሳም አለች።

«ፈርዲ፣ በአላህ ቶሎ በይ።»

«ልበላሽ ስል ነው ቶሎ በይ የምትዪኝ? ተሸናፊ!»

ካንገት በላይ እየሳቅኩ በርሜሉን አያለሁ። ወይዘሮ አሰለፈች ጋሪ ይዘው መጡ። በርሜሉን ገለበጡበትና ወደ ጓሮ መግፋት ጀመሩ።

«የእናቴ ነው!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፈርዶሳ ጠጠር እንደጨበጠች፣ «አንቺ ነሽ የጮኽሽው?» አለችኝ።

ሮጥኩ። ስደርስ ጋሪው ባዶ ነበር። ምድጃው ውስጥ የፕላስተሬ ጫፍ ይጨሳል።

አቶ ጉተማ ተከትለውኝ መጥተው ነገሩን ሰሙ። «ታዲያ ምነው ቀድመሽ ብትናገሪ?»

«ልናገር ነበር። ሰኞ ማክሰኞ ዝለይ አሉኝ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። ሚስታቸውን አዩ፤ ሚስታቸው ጋሪውን አዩ። «ፋኖሱን ራሱን አምጪልኝ» አሉ አቶ ጉተማ በመጨረሻ። «ከአንገቱ እለካለሁ።» ለእንግዳ ሁሉ እንደሚሰጡት አንድ አንድ ብይ ሰጥተው ሸኙን።

እሑድ ፋኖሱን አቅፌ ተመለስኩ። ወይዘሮ አሰለፈች እጃቸውን ሲዘረጉ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ሰጠኋቸው። አቶ ጉተማ ምንም ሳያስዘልሉ ወደ ምድጃው ወሰዱኝ። የነፉልኝ ብርጭቆ ትንሽ አረንጓዴ ነው። ማታ መብራት ጠፋና እናቴ ለኮሰችው።