ቀዳዳ አንባቢው

ጋሽ መቀስ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቀረቻቸው ሥራ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣ ማንበብ። እሷንም ልጃቸው ቆራርጣ ነበር የምትሰጣቸው።

መቀስ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ያወጡላቸው ጋዜጠኞች ናቸው። ሰውዬው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በሳንሱር መሥሪያ ቤት፣ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት እያነበቡ የማይፈቀደውን በማውጣት ነው። ባልደረቦቻቸው በቀይ እርሳስ ይሰርዙ ነበር። እሳቸው ግን የተሰረዘ ቃል ብርሃን ላይ ቢያዝ ይነበባል ብለው ስለሚሰጉ በመቀስ ቆርጠው ያወጡታል። ከጠረጴዛቸው የሚመለስ ወረቀት ወንፊት ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ጋዜጦችም ያሻቸውን መጻፍ ጀምረዋል፤ ስሙ ግን አብሯቸው ጡረታ ወጣ።

ባለፈው ክረምት ልባቸው ትንሽ አመመቻቸውና ሐኪሙ ልጃቸውን ወደ ጎን ጠርቶ «አይደንግጡ፣ አይናደዱ፣ ክፉ ወሬ አይስሙ» አላት። ልጅቱ የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ የታዘዘውን ሳታዛንፍ መስጠት ልማዷ ነው። በዚያው ሳምንት ሬዲዮኑ «ተበላሸ»። ቴሌቪዥኑ ወደ እሷ መኝታ ቤት ተሰደደ። ያስቸገራት ጋዜጣው ነበር፤ አባትየው ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣ ካላገኙ ቁርስ አይወርድላቸውም። ስለዚህ ቀድማ ተነሥታ ማዕድ ቤት ትገባና፣ ፋሻ በምትቆርጥበት መቀስ ክፉ ክፉውን ታወጣለች። የአባቷ ልጅ አይደለች!

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሰው ካገኘ አፉ የማያርፍ። ለእሱ የተሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር።

«ማዕድ ላይ የምታወራው ስለ አየሩ ብቻ ነው። ገባህ?»

«ዝናቡ ጎርፍ ቢያመጣስ?»

«እንግዲያው ስለ ፀሐይ ታወራለህ።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሽ መቀስ ጋዜጣውን ገለጡና በአንዱ ቀዳዳ አሾልከው ልጃቸውን አዩዋት። «ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«የሳሙና ኩፖን ነበረበት፤ ቆረጥኩት» አለች ሳታያቸው።

ገጹን ገለበጡ። በሆዳቸው ግን እንዴት እንደተደሰቱ! ጡረታ ከወጡ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሥራ አግኝተው አያውቁም። ለሌላው ሰው ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ለሳቸው ግን ይናገራል። የትኛው ገጽ ላይ ነው? ስፋቱ ምን ያህል ነው? ሁለተኛው ገጽ ላይ በስተቀኝ ከሆነ የመንግሥት መግለጫ ነው። ረዘም ካለ ደግሞ የዋጋ ጭማሪ ነው፤ ዋጋ ሲጨምር ማብራሪያው መርዘሙ አይቀርምና። መጨረሻው ገጽ ላይ ከነፎቶው የወጣ ነገር ካለ ያ ኳስ ነው፤ ያውም ሽንፈት።

ምሳ ላይ ማንኪያቸውን አስቀምጠው «ቡድናችን ተሸነፈ አይደል?» ይላሉ። አማችየውን ሾርባው ትን ይለዋል። ልጅቱ ባሏን ታፈጥበታለች።

«እኔ አንድም ቃል አልተነፈስኩም!»

«ታዲያ ከየት ሰማ?»

«ዛሬ ፀሐይዋ ደስ ትላለች» ይላል ምስኪኑ።

በሌላው ሳምንት «ነዳጅ ጨመረ መሰለኝ» ይላሉ። ጭቅጭቁ እንደገና ይነሣል። አማቻቸው ባልዋለበት ሲወቀስ ጋሽ መቀስ ሾርባቸውን በጸጥታ ይጠጣሉ። አንድ ቃል ተናግረው ሊያድኑት ይችሉ ነበር፤ ግን ጨዋታው ይበላሽባቸዋል። ደግነት እንዳልሆነ ያውቁታል፤ አውቀውም ይጠጣሉ።

እንዲህ ሲጫወቱ ሰንብተው አንድ ቅዳሜ ገጽ ሰባት ላይ ደረሱ። «የጓሮ በር» የለም።

«የጓሮ በር» የአንድ አንጋፋ አምደኛ አምድ ነው። አምደኛው ድሮ ሐሙስ ሐሙስ ጽሑፋቸውን ይዘው እየመጡ ከጋሽ መቀስ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጡ ነበር። ጋሽ መቀስ ያነባሉ። ቀልዱ ያስቃቸዋል፤ ሳቃቸውን በሳል ያፍኑታል፤ ከዚያ ያሳቃቸውን ይቆርጡታል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን «ጥሩ ጽፈሃል» ብለው አያውቁም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደውለው ሊነግሯቸው ብዙ ጊዜ ስልኩን አንሥተዋል፤ እያፈሩ መልሰው ያስቀምጡታል። ያለ ጋዜጣ ቁርስ የማይወርድላቸው ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም እንጂ፣ መጀመሪያ የሚገልጡት ሁልጊዜ ገጽ ሰባትን ነበር።

አሁን እዚያ ቦታ ላይ በቀዳዳው የራሳቸው ጉልበት ይታያል። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ገጽ ስምንት፤ የሐዘን ማስታወቂያ የሚወጣበት።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። በመሥሪያ ቤታቸው የሚቀርብላቸው ወረቀት በአንድ ፊቱ ብቻ የታተመ ስለነበር፣ ሲቆርጡ የኖሩት ቀዳዳ አንድ ፊት ብቻ ነበረው። ጋዜጣ ግን ጀርባ አለው። ልጃቸው የቆረጠችው የትኛውን ፊት ነው? አሰላሰሉ። አምደኛው ዛሬ ዛሬ የሚጽፉት ስለ ድመታቸውና ጓሯቸው ስላለው ቃሪያ ነው፤ በድመት ወሬ ልቡ የቆመ ሰው የለም። ስለዚህ የተቆረጠው የጀርባው ነው። ሐዘን ነው። ከእሳቸው የሚደበቅ ሐዘን የማን ሊሆን ይችላል? ቀዳዳው ረጅም ነው፤ ስለዚህ የታወቀ ሰው ነው። እኩያቸው ነው። ደግሞስ አምዱ ለምን ጠፋ? የሞተ ሰው አምድ አይጽፍማ!

ምሳ ላይ ተራ ወሬ አስመስለው «ያ የጓሮ በር ጸሐፊ ደኅና ነው?» ብለው ጠየቁ።

የልጃቸው ማንኪያ ከእጇ ወደቀ። አማችየው ሳህኑን እያየ «ደመናው ሊገፈፍ ነው መሰለኝ» አለ።

ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ባልና ሚስቱ ወደየሥራቸው እስኪሄዱ ጠብቀው፣ ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ከነናፍታሊኑ ለብሰው፣ ደረጃውን እያረፉ ወረዱ። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። አንድ ቀን እነግረዋለሁ ሲሉ፣ ሲሉ፣ ያ አንድ ቀን አለፈ። ሰውን ያህል ነገር፣ አንዲት ደግ ቃል ነፍገውት ሞተ! መስኮቱን እያዩ በመሐረባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

አምደኛው ቤት በር ላይ ሰው ይኖራል ብለው ጠብቀው ነበር። ማንም የለም። «ለካ ሰው አልነበረውም» ብለው ይበልጥ አዘኑ። ባለቤታቸው በሩን ሲከፍቱ ጋሽ መቀስ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«ምነው ጋሼ? ማን ሞተ?» አሉ ሴትዮዋ ደንግጠው።

በዚህ ጊዜ አምደኛው የውኃ ጎማ እንደያዙ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ከጓሮ ብቅ አሉ። ጋሽ መቀስ መቃኑን ያዙ።

«አንተ!»

«እኔ ምን?»

«ሞተሃል እኮ!»

«ማን አለ? ጋዜጣው ነው? ዛሬም ተሳስተው አትመዋል?»

ጋሽ መቀስ አንገታቸውን በአሉታ ነቀነቁ። አምደኛው ጥቁሩን ልብስ ከላይ እስከ ታች አዩትና ሌላ ነገር ጠረጠሩ። «ስማ፣ በጽሑፉ ተቀይመህ ከሆነ ልትከሰኝም ትችላለህ። ግን መጀመሪያ ተቀምጠህ ውኃ ጠጣ።»

«የምን ጽሑፍ?»

ሴትዮዋ ከጀርባ ሆነው በቅንድባቸው ባላቸውን መጥቀስ ያዙ፤ የጋሽ መቀስ ልብ መታመሙ የተሰማ ነገር ነበር። ጋሽ መቀስ ግን ቅንድቡን አዩት።

«እርስዎም መቀስ አለዎት ማለት ነው?» አሉ። ቀጥለውም ወደ አምደኛው ዞሩ። «አምጣው። ለቅሶ ብዬ መጥቼ ባዶ እጄን አልመለስም።»

አምደኛው ገብተው የራሳቸውን ጋዜጣ አመጡ። ጋሽ መቀስ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱና ሊወጡ ሲሉ ተመለሱ። መሬት መሬት እያዩ «ጥሩ ነው የምትጽፈው» አሉ። «ድሮም ጥሩ ነበር።»

ውኃው አምደኛው እግር ላይ ይፈሳል። ልብ አላሉትም።

«ይህን ለመስማት መሞት ነበረብኝ?»

የጽሑፉ ርእስ «ለመጀመሪያው አንባቢዬ» ይላል። ጋሽ መቀስ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው አነበቡት። አምደኛው ስለ ሐሙሶቹ ጽፈዋል። የጋሽ መቀስን ሳል እንደ እውነተኛ ሳል ቆጥረው የሳል ሽሮፕ ይዘውላቸው እንደሄዱ፣ የሚከፈላቸው በመስመር ስለነበር መቀሱ ከታች ወደ ላይ ሲመጣ የወር ደመወዛቸውን በዓይናቸው እያዩ ሲያሳጥር እንደኖረ፣ አንድ ጊዜም ከጽሑፉ የተረፈው «ውድ አንባቢያን» እና «ደኅና ሁኑ» ብቻ እንደነበር። ጋሽ መቀስ ሳቁ። ሳል አልጨመሩበትም፤ እንባቸው እስኪወርድ በሰው ፊት ሳቁ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ቀስ ብላ ወንበር ቀየረች። ከዚያ ወደ መጨረሻው ደረሱ፤ ሳቁ ቆመ። ጋዜጣውን አጠፉት። ዘረጉት። እንደገና አጠፉት።

ልጃቸውና አማቻቸው ሲፈልጓቸው ቆይተው ደረጃው ላይ አገኟቸው።

«የት ሄደህ ነው አባዬ? ደግሞ ጥቁር ለብሰህ! ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። አንቺ በመቀስ የገደልሽው አንድ ሰው ነበር፤ ተነሥቷል» አሉና ጋዜጣውን አሳዩአት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።»

«እኔም እንዲሁ ነበር የምለው፤ ሰው እንዳይደነግጥ። ይኸው ደኅና ሰው ቀብሬ መጣሁ። ከዚህ የባሰ ምን ድንጋጤ አለ? ኑ፣ ተቀመጡ፤ አነብላችኋለሁ።»

ማዕዱ ዙሪያ ተቀመጡ። ጋሽ መቀስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ሽሮፑ ጋ ሲደርሱ አማቻቸው ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ፤ «ውድ አንባቢያን» ጋ ሲደርሱ ወንበሩን ይዞ ሊወድቅ ነበር። ልጅቱ መጀመሪያ የአባቷን ፊት ብቻ ታይ ነበር፤ በኋላ እሷም አላስቻላትም። በዚያ ቤት እንዲህ ከተሳቀ ቆይቷል።

ጋሽ መቀስ መጨረሻው ላይ ደረሱ። «‹ያም ሆኖ አልተቀየምኩትም› ይላል። ‹እንደ እሱ ቃል በቃል ያነበበኝ ሰው የለምና። አሁን ቃሪያዬን ውኃ ላጠጣ ልሂድ።›» ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ሰሚ የተቆረጠው የት ጋ እንደተሰፋ አያውቅም። የኖሩበት ሙያ ነው።

«አባዬ» አለች ልጃቸው።

«እ?»

«ዘለልክ።»

«ምኑን?»

«የድልድዩን።»

አማችየው አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን ያያል። ልጅቱ ያን አምድ የቆረጠችው ለቀልዱ አልነበረም፤ ለዚህች ቦታ ነበር። ማንም እንዳይሰማት ብላ ጠዋት በገዛ እጇ አውጥታታለች። አሁን ግን አባቷ በዚያ በረጋ ድምፅ ሲያልፏት አንጀቷ አልችል አለ።

ጋሽ መቀስ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ አነበቡ።

«‹አንድ ጊዜ የወንዙ ድልድይ ምሰሶ መሰንጠቁን ጻፍኩ። ሕዝብ ያስደነግጣል ብሎ ቆረጠው። ድልድዩ ግን ጋዜጣ ስለማያነብ፣ እንዳልተሰነጠቀ አላወቀም። በዚያው ክረምት ወደቀ። የወተት መኪና ይዞ ሲሻገር የነበረው ሾፌር አንድ እግሩን አጣ።›»

መጀመሪያ አፉን የከፈተው ሾፌሩ አማች ነው፤ ስለ አየሩም አልነበረም።

«ሰውዬው አሁን የት ነው አባባ?»

«አላውቅም።»

«ስሙስ ማን ነበር?»

«ስሙ የአደጋው ዜና ላይ ነበር» አሉ። «ዜናውንም ቆርጬዋለሁ።»

አማችየው ጥቂት አሰበ። «የድሮ ሾፌሮች ያውቁታል። መናኸሪያ ሄጄ እጠይቃለሁ።»

«ጠይቅልኝ። ሲገኝ አብረን እንሄዳለን። የማወራው አለኝ።»

ልጅቱ ሳታስበው የአባቷን እጅ አንጓ ይዛ ነበር። ከጣቷ ሥር ትርታው ይዘላል።

«እንዴት ነው?» አሏት።

ደኅና ነው ልትል ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ፈጥኗል» አለች።

«ይፍጠና!» አሉና፣ ቀዳዳ የሌለበትን ጋዜጣ አቃንተው ለአማቻቸው ገጽ ሁለትን ያነቡለት ጀመር።