ፍም የሞቀው ስንዴ

ተመራማሪዋ ፓቭኒት ከመሣሪያው የወጣውን ውጤት ሦስት ጊዜ አየችው። ሰባት ቁጥር ስንዴ ገና ለሙቀት ፈተና ሳይቀርብ ቅጠሉ በአጃቢ ፕሮቲን ተሞልቷል። ይህ ፕሮቲን በሙቀት ጊዜ ሌሎቹን ፕሮቲኖች እንዳይበላሹ ደግፎ የሚይዝ ነው፤ ተክል ካልጨነቀው ደግሞ ይህን ያህል አያመርተውም። ታዲያ በቀዝቃዛ ክፍል የተቀመጠን ስንዴ ምን አስጨነቀው?

ሙቀት እንዲችል ስድስት ዓመት የለፋችበት ዘር ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምርምር ጣቢያው ኃላፊ መጥቶ ይፈርማል፤ ከዚያ ለአርባ የፑንጃብ መንደሮች ይከፋፈላል።

የስንዴ ጣሳዎቹን የሚንከባከቡትን፣ እንደ አጎት ቻቻ የምትላቸውን አዛውንት ኒሃል ሲንግን ጠራቻቸው።

«ቻቻ፣ ሰባት ቁጥርን ፀሐይ ላይ አውጥተውት ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ልጄ።»

«ማሞቂያ አብርተዋል?»

ጥምጣማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ማሞቂያ እንኳ አይባልም። ትንሽ ፍም ነው፣ በርበሬ ጣል አድርጌበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ሰባት ቁጥር እንዴት ታምራለች› ይላል። ዓይን እንዳይበላት ብዬ በየፈተናው ዋዜማ በር ዘግቼ አጥናታለሁ።»

«እሷን ብቻ?»

«ሌሎቹን ማን አመሰገነና?»

ፓቭኒት ወንበር ስባ ተቀመጠች። በፍም ሙቀት ቀድሞ የነቃ ስንዴ በማግስቱ አርባ ሁለት ዲግሪ ቢችል ምን ይገርማል? ማሳ ላይ የሚወርደው የመጋቢት ሙቀት ግን ዋዜማ የለውም።

ፍም ያልነካቸው አራት የሰባት ቁጥር ጣሳዎች ማዶ ክፍል ነበሩ። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ አስገብታ ዘጋችባቸው። ኒሃልም ፍሙ ያደረገውን ካስረዳቻቸው በኋላ ከጎኗ ቆመው በመስታወቱ ያዩ ጀመር። ታላቅ ወንድማቸው ካራም ለመጪው የዘር ወቅት መሬቱን ሁሉ ለሰባት ቁጥር አስቦታል፤ አሳቡን ያስገቡለትም እሳቸው ናቸው።

አምስት ሰዓት ላይ ቅጠሎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ፓቭኒት መተንፈስ ጀመረች። ስድስት ሰዓት ላይ አንደኛው ጎበጠ። ስምንት ሰዓት ላይ አራቱም የጣሳው አፍ ላይ ተኝተው ነበር።

ይህን ያየነው ሁለታችን ብቻ ነን፣ አለች በልቧ። የጠዋቱን ውጤት ብትሰርዘው፣ ጣሳዎቹን ጉድጓድ ውስጥ ብትደፋቸው፣ ማን ይጠይቃል? አፈረች፤ ግን አሰበችው።

ኒሃል ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«ካራም፣ ሰባት ቁጥርን እርሳት። ያንኑ የድሮውን ዝራ።»

የካራም ጩኸት ለእሷም ይሰማ ነበር። «መንደሩን ሁሉ አስጎምጅተህ? ዓይን በላታ! ብዙ አታውራ ብዬህ አልነበር?»

ፓቭኒት ቀና ብላ አዛውንቱን አየቻቸው። «አዎ» ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ በዓይን የመጣን ነገር ማንም በሰው አያሳብብም።

«ዓይን አይደለም» አሉ ኒሃል። «እኔ ነኝ። በፍም እያሞቅሁ ጎበዝ አስመሰልኳት።»

የኃላፊው መኪና ግቢ ሲገባ ተሰማ። ፓቭኒት ሳጥኑን ከፍታ ሁለቱን ጣሳ ለኒሃል ሰጠች፣ ሁለቱን እሷ ያዘች። ጣሳዎቹ ገና አልበረዱም፤ እጃቸውን እያሞቁት አብረው ወደ ኃላፊው ወጡ።