የአማቴ ጺምና የእኔ አረፋ

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ጺሜ በግንባሬ ላይ ይብቀል፤ ቅንድቤም ይርገፍ። «አንተ እኮ ዝንብ አይተህ ዝሆን ነው የምታወራው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሐሰት ነው። ያቺ ዝንብ ራሷ ትልቅ ስለነበረች ነው።

አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጸጉር አስተካካይ ነበሩ። በዚህ ከተማ እሳቸው ያልላጩት ጉንጭ ካለ፣ ወይ የሴት ነው ወይ ገና አልተወለደም። ሱቃቸውን ዘግተው እኛ ቤት ሲገቡ አንድ ሻንጣ ልብስና ሁለት ሻንጣ መላጫ ሳሙና ይዘው መጡ። ሳሙናውን የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ሌላ ሳሙና ፊታቸውን አያስነኩም። በየጠዋቱ ብሩሻቸውን እያዞሩ አንዱን ሲጨርሱ አንዱን ሲጀምሩ፣ በመጨረሻ አንዲት ስባሪ ቀረች። ከመሳሳቷ የተነሣ ከኋላዋ ጣት ቢያስቀምጡ ጥፍሩ ይታያል።

ልክ በዚህ ጊዜ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ራሳቸውን መላጨት አቃታቸው፤ ሌላ ሰው ደግሞ እንዲላጫቸው አይፈቅዱም። ጺማቸው አደገ፣ አደገ፣ ወፍ ጎጆ ልትሠራበት በመስኮቱ ዞር ዞር ስትል በዓይኔ አይቻለሁ። የልጅ ልጃቸው፣ ማለትም የእኔ ሴት ልጅ፣ በማግሥቱ ትመረቃለች። «እንዲህ ሆኜማ ሰው ፊት አልቆምም» አሉ። ልጅቱም ይህንን ስትሰማ «አባባ ካልመጡ እኔም ጋውኑን አልለብስም» ብላ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

«ተዉት፣ እኔ እላጫቸዋለሁ» አልኩ።

«እባክህ አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ አስተካካይ ጥራ» አለች ባለቤቴ።

«አስተካካይ? እኔ እያለሁ?»

«አንተ እያለህ እኮ ነው የምፈራው።»

አማቴ ከወንበራቸው ሳይነሡ ቀና ብለው አዩኝ። «መላጨቱን ማንም ይላጫል። ሰው የሚለየው በአረፋው ነው። ለመሆኑ አረፋ መትተህ ታውቃለህ?»

«አባባ፣ እኔ አረፋ ስመታ ባሕር ይቀናል።»

«ባሕር ጺም የለውም» አሉ። «ስማኝ፤ ሳሙናዬ የቀረችው ለአንድ ጊዜ ነው። ካበላሸሃት ሌላ የለም፣ እኔም አልላጭም። ብሩሹን ለብ ባለ ውሃ ንከረውና በደንብ አራግፈው። ከዚያ ሳሙናዋ ላይ ቀስ ብለህ አዙር። ውሃ በጠብታ ነው የሚጨመረው። ጥሩ አረፋ ኳስ ኳስ አያክልም፤ እንደ ረጋ ወተት ዝም ብሎ ይተኛል። ሰማኸኝ?»

«የሰማሁትን ይተዉት፣ እኔ ለእርስዎ ልነግርዎት የምችለውን ቢሰሙ!»

«ይሁን። ሳሙናዋ መስኮቱ ጋ ናት።»

አሁን ነገሩን በደንብ ተረዱልኝ። እኚህ ሰው ልጃቸውን ከዳሩልኝ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ «እስቲ ይህን ያዝልኝ» ብለው ብርጭቆ ሰጥተውኝ አያውቁም። እጄን አያምኑትም። ዛሬ ግን ጉሮሯቸውን ሊሰጡኝ ነው! ደረቴ ስለተነፋ በመታጠቢያ ቤቱ በር በጎኔ ነው የገባሁት።

ሳሙናዋን ከመስኮቱ አንሥቼ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ አስቀመጥኳት። ውሃ በጠብታ ብለዋል፤ የእኔ ጠብታ ግን ትንሽ ሰፋ ትላለች፤ አንድ ጣሳ ታህላለች። ከዚያ ብሩሹን አዞርኩት። እንዴት ያለ አዟዟር! ክንዴ ከፍጥነቱ የተነሣ ለዓይን ጠፋ። አረፋው ሳህኑን ሞልቶ ፈሰሰ፣ ከመታጠቢያው ወረደ፣ በወለሉ ላይ ተንሸራቶ ሳሎን ድረስ ገባ። አንዷ አረፋ ብቻዋን የሕፃን ራስ ታክል ነበር። መልኬን አየሁባት፤ ቆንጆ ነበርኩ።

ባለቤቴ በበሩ ብቅ አለች። «አባዬን ነው የምትላጨው ወይስ ቤቱን ልታጥብልኝ ነው?»

«ምቀኝነት ነው» አልኳት።

ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ አማቴ ፊት ቀረብኩ። እሳቸው አፍንጫቸውን ወደ ላይ አድርገው ሁለት ጊዜ አሸተቱ።

«ይሄ ሽታ…» አሉ።

«ምን ሆነ፣ አባባ?»

«ምንም። ቀጥል።»

ቀጠልኩ። ፊታቸውን ስቀባቸው ከዓይናቸው በቀር የቀረ ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ ያለ ምስክር አይሆንም። ስለዚህ ፎጣውን የፈላ ውሃ ላይ አጥኜ እስኪሞቅ ድረስ፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ልጠራ ብድግ ብዬ ወጣሁ።

«ና፣ አረፋ እይ!» አልኩት።

መርፌውን ከከንፈሩ ሳያወጣ ቀና አለ። «ምን እይ?»

«አረፋ! በዕድሜህ አይተኸው የማታውቅ!»

«ወንድሜ፣ ሱሪ እየሰፋሁ ነው።»

«ሱሪ ነገም ይሰፋል። ይህ አረፋ ግን ለነገ አይቆይም።»

«እንግዲያው እሱን ትተህ ለምን እኔ ጋ ቆምክ?» አለኝ፣ ወደ ሱሪው ጎንበስ ብሎ። ሰው ዕድሉን ሲረግጥ ምን ይደረጋል?

ፎጣዬን አንሥቼ ገባሁ፤ ከዚያ ምላጩን ጨበጥኩት። እዚህ ላይ ብዕሬ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ከጆሮ ሥር ጀምሬ ወደ አገጭ ሳብ ሳደርገው ምላጩ መንገዱን ያውቅ ነበር። ጉሮሮ ላይ ስደርስ እሳቸው ከምቾት የተነሣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንቅልፍ ወስዷቸዋል! ጠብታ ደም? የለም። አንዲት ዘለላ ጸጉር? የለችም። ሳሙናዋም ለአመል እንኳ አልተረፈችም፤ እዚያው ተሟጥጣ አለቀች። የሞቀውን ፎጣ አልብሻቸው ባነሣሁት ጊዜ ጉንጫቸው ያበራ ነበር፤ በነጸብራቁ ባለቤቴ መርፌ ክር ማስገባት ትችል ነበር።

በማግሥቱ ልጅቱ ጋውኗን ለበሰች፤ አማቴም ከጎኗ ቆመው ፎቶ ተነሡ። የሰው ሁሉ ዓይን የነበረው ግን እሷ ላይ ሳይሆን ጉንጫቸው ላይ ነበር። «ማን ላጫቸው?» ይባባላሉ። እኔ ትሑት ስለሆንኩ ዝም አልኩ። ማለትም ከጠየቁኝ በስተቀር። ጥቂት ደግሞ ሳይጠይቁኝ።

እዚህ ድረስ ጽፌ፣ ይኸው ዛሬ ለቤተሰቡ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ልብስ ሰፊውም ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ነበርና «ወይ ጉድ!» አለ። ባለቤቴ አንገቷን ደፍታ ብርጭቆዎቹን ትሰበስብ ጀመር። አማቴ ሻያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ አንተ ከመስኮቱ ያነሣኸው የእጅ መታጠቢያውን ሳሙና ነው። የእኔዋ ከጀርባው ነበረች። አረፋህ ደግሞ ይህን ሰውዬ ልትጠራ ስትወጣ ሞተ። ይቺ ሚስትህ ፊቴን አጠበችኝና በእኔዋ ሳሙና መትታ ላጨችኝ፤ አንተ ስትመለስ ጨርሳ ምላጩን ታጥብ ነበር። እንቅልፍም አልወሰደኝም፤ እንዳልስቅብህ ብዬ ነው የጨፈንኩት።»

ሻያቸውን መልሰው አነሡ።

«ፎጣው ግን ደህና ሞቆ ነበር።»